ምች ነው ከማለትዎ በፊት

ከሳር ቤት ወደ ብስራተ ገብርኤል በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ሰው ቢያስል ማንም ዞር ብሎ አያይም። መስኮት የከፈተ ግን ተግሳጹ ወዲያው ይደርሰዋል፦ «ወንድሜ፣ ዝጋው እንጂ! በብርድ ልትፈጀን ነው?» ረዳቱም ያግዛል፣ መስኮቱ ይዘጋል፣ ተሳፋሪው ሁሉ የአንዱን ትንፋሽ እየተቀባበለ ሰፈሩ ይደርሳል። በሦስተኛው ቀን አንዱን ጉሮሮው ሲከረክረው «ያን ዕለት መስኮት ከፍተው ብርድ አስመቱኝ» ይላል። ሲያስል የነበረውን ሰው አያስታውሰውም።

ይህ መመሪያ ለዚያ ተሳፋሪና ለቤተሰቡ ነው። ኮቪድም ሆነ ኢንፍሉዌንዛ፣ በትንፋሽ የሚተላለፉ የቫይረስ በሽታዎች ሲጀምሩ ሁሉም ጉንፋን ይመስላሉ። የሚለያቸው ምርመራ ነው፤ ምርመራም የሚጠቅመው በጊዜው ሲደረግ ነው። የሐኪሙን ሥራ እዚህ አያገኙም። የሚያገኙት ሐኪም ዘንድ እስኪደርሱ ባሉት ቀናት ቤትዎ ውስጥ የሚያደርጉትን ነው። ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸውም በእነዚያ ቀናት ነው።

መጀመሪያ ቀኑን ይጻፉ

እኛ ሰፈር ሰው ሲያመው ቀድሞ የሚመጣው ስም ነው። ፀሐይ ላይ ውሎ ከሆነ ምች ነው። ማታ አምሽቶ ከሆነ ብርድ ነው። አፍንጫው ከተዘጋ ሳይነስ፣ መንገድ እየተቆፈረ ከሆነ አቧራ፣ ምክንያት ከጠፋ ደግሞ የአየር ለውጥ። ስሙ ከወጣ በኋላ ጥያቄ የለም። ዳማ ከሴ ይታሻል፣ ጤና አዳም ቡና ውስጥ ይነከራል፣ ፌጦ በሎሚ ይበጠበጣል። በእነዚህ ላይ ጠብ የለኝም፤ እናቴ ግንባሬን ያሸችኝ የዳማ ከሴ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ጠቤ ከስሙ ጋር ነው። «ምች ነው» የተባለ ሰው አምስት ቀን ይተኛል፤ በእነዚያ አምስት ቀናት አያቱን ጠይቋል፣ ልጁን ስሟል፣ ሁለት ጠያቂ ቡና አጠጥቶ ሸኝቷል።

ስለዚህ በሽታውን ስም አያውጡለት። እስክሪብቶ ያንሡና ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ይሂዱ። ጉሮሮዎ የከረከረበትን፣ ሰውነትዎ የተቆራረጠበትን ወይም ትኩሳት የጀመረዎትን የመጀመሪያ ቀን ያክብቡት። ያ ቀን ዜሮ ነው፤ ማግስቱ አንድ ይባላል። ከክቡ አጠገብ ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ቀናት ውስጥ አብረዋቸው የበሉትን፣ በአንድ ክፍል የዋሉትንና በአንድ መኪና የሄዱትን ሰዎች ስም ያስፍሩ። ሁለት ቀን ወደ ኋላ የሚኬደው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በኮቪድ የተያዘ ሰው ምልክቱ ሳይታይበት ከአንድ ሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ማስተላለፍ ይችላል።

ያ ክብ ለብዙ ነገር ያገለግልዎታል። ፈጣኑ የኮቪድ ምርመራ ቫይረሱን በደንብ የሚይዘው ምልክቱ በጀመረባቸው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ ከሳምንት በኋላ የማየት አቅሙ ይወርዳል። የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት ኦሴልታሚቪር የተሻለ የሚሠራው በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ኮቪድ አንዳንዱን ሰው በድንገት የሚያከብድበት ጊዜ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሰባተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ነው፤ ሰው «ተሻለኝ» ብሎ ሊነሣ ሲል ማለት ነው። ቀኑን ያልያዘ ሰው ሰባተኛው ቀን መቼ እንደሆነ በምን ያውቃል?

የቀን ነገር የዚህ አገር የኮቪድ ታሪክም መነሻ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው በኮቪድ የተያዘ ሰው መገኘቱ ይፋ የሆነው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። የ48 ዓመት ጃፓናዊ ሲሆን ከቡርኪና ፋሶ ተነሥቶ አዲስ አበባ የገባው የካቲት 25 ነው። ዘጠኝ ቀን አልፏል ማለት ነው። የገባበት ቀን ስለሚታወቅ ከማን ጋር እንደዋለ ወደ ኋላ ተቆጠረ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ከእሱ ጋር ንክኪ ከነበራቸው መካከል ሦስት ሰዎች ቫይረሱ ተገኘባቸው፤ አንዱ ኢትዮጵያዊ ነበር። ተላላፊ በሽታን የሚከታተል ባለሙያ ዋና መሣሪያው ይኸው ነው፦ ቀንና የሰው ስም።

ያን ጊዜ የሚያዘገየን የቤተ ሙከራ እጦት ነበር። በ2012 ጥር ላይ ከቻይና የመጡ የተጠረጠሩ ተማሪዎች ናሙና ደቡብ አፍሪካ ድረስ ተልኮ ነው ነጻ መሆናቸው የታወቀው። ብዙም ሳይቆይ የከተማው ሰው «ፓስተር» በሚለው ግቢ፣ በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ ምርመራው እዚሁ ይሠራ ጀመር። አሁን ደግሞ በአፍንጫ ናሙና ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ መልስ የሚሰጥ ኪት አለ። በሽታው በአገራችን በይፋ ከተመዘገቡት ብቻ ከ7,500 በላይ ሰው ከቀጠፈ በኋላ፣ ዛሬ አብዛኛው መዘግየት ያለው ሳሎናችን ውስጥ ነው።

አያቶቻችን ይህ ዕድል አልነበራቸውም። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የገባውና «የኅዳር በሽታ» የተባለው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ሲያራቁት፣ ራስ ተፈሪም ታመው ሲተኙ፣ ምን እንደሆነ የሚነግር ምርመራ በዓለም ላይ አልነበረም፤ የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው በፈረንጆቹ 1933 ነው። የቀረን ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠል ነው፤ ኅዳር ሲታጠን። ሰፈሩን ማጽዳቱ ደግ ነው። ጭሱ ግን ሳል ላለበት ሰው ሌላ ሳል ነውና በዚያ ቀን አስም ያለበት ካለ በር ይዝጉለት።

ምልክቱን በቡና ይለኩ

ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የሰውነት መቆራረጥ፣ ራስ ምታት፣ ድካም፣ የአፍንጫ ፈሳሽ፤ አንዳንዱን ተቅማጥም ይይዘዋል። ኢንፍሉዌንዛ ብዙውን ጊዜ በድንገት ይጥላል፤ ጠዋት ደህና የነበረ ሰው ከሰዓት ብርድ ልብስ ደርቦ ይንቀጠቀጣል። ተራ ጉንፋን ቀስ ብሎ ከአፍንጫ ይጀምራል። ይህ ግን መጠርጠሪያ ብቻ ነው፤ በዓይን ለይቻለሁ የሚል ሰው፣ ነጭ ጋዋን ቢለብስም እንኳ፣ እየገመተ ነው።

እኛ ቤት ያለ መለኪያም አለ። ቡና ሲቆላ ሽታው ካልመጣልዎ፣ አፍንጫዎም ያልተዘጋ ከሆነ፣ ያ ትልቅ ምልክት ነው። ሽታ መጥፋት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የኮቪድ ዋና መታወቂያ ነበር፤ በኋላ በመጡት ዝርያዎች ቀንሷል። ስለዚህ ሽታ ከጠፋ ኮቪድን አጥብቀው ይጠርጥሩ፣ ሽታ ስላለ ግን «አይደለም» አይበሉ።

ትኩሳቱን በእጅ መዳፍ አይገምቱ። ቴርሞሜትር ከፋርማሲ ይግዙ፤ ብብት ሥር ያስቀምጡ፣ ጠዋትና ማታ ለክተው እዚያው ቀን መቁጠሪያው ላይ ይጻፉ። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ትኩሳት ነው።

በዚያው ቀን ይለዩ

ምርመራ እስኪደርስ አይጠብቁ። ራስን መለየት ምርመራው ቢዘገይም የማይዘገይ ሥራ ነው። የተለየ ክፍል ያለው ቤት ጉዳዩ ቀላል ነው። ብዙዎቻችን ግን አንድ ሳሎንና አንድ መኝታ ቤት፣ አንዳንዱም አንድ ክፍል ብቻ ነው ያለን። እንዲህ ከሆነ የታመመው ሰው በመስኮቱ በኩል ይተኛ፤ መስኮቱ ቀን ሙሉ፣ ሌሊትም ጥቂት ክፍተት ይኑረው። አንድ አልጋ ላይ መተኛት ግድ ከሆነ የአንዱ ራስ በሌላው እግር በኩል ይሁን። በአንድ ክፍል ሲዋል ታማሚውም አስታማሚውም ማስክ ያድርጉ። ብርዱን በብርድ ልብስ ይመክቱት፤ የተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚጠራቀመውን ትንፋሽ ግን በብርድ ልብስ አይመክቱትም።

አስታማሚ አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ቢቻል ወጣትና ጤነኛ። እመት አያት «እኔ ምን እሆናለሁ፣ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ» ብለው ትሪውን ይዘው እንዳይገቡ አስቀድመው ይከላከሉ። የአያት ጉዳይ በክርክር አያልቅም፤ ሥራ መስጠት ነው የሚያዋጣው። ሽንኩርቱን ይክተፉ፣ ስልኩን ያንሡ።

ጥየቃው ከባድ ነው። «አሞኝ ሳይጠይቀኝ» የሚል ቅሬታ ከበሽታው በላይ የሚፈራ ሰው አለ። እኔ የማደርገው ይህ ነው፦ ጎረቤት በር ሲያንኳኳ በመስኮት ብቅ ብዬ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሳሉ ምን እንደሆነ እስኪታወቅ በስልክ ይሁንልን» እላለሁ። እስካሁን የተቀየመ አላጋጠመኝም፤ አንድ ሁለት ሰው እንዲያውም ዕፎይ ሲል አይቻለሁ። ታኅሣሥ 19 ለገብርኤል ንግሥ ሰፈሩ ሲጥለቀለቅ፣ ገናና ጥምቀትም ተከታትለው ሲመጡ፣ የሳሉም ወቅት ያው ነው። ትኩሳት ይዞዎት ከሆነ ከቤት ሆነው ይሳለሙ።

መቼና የት ይሄዳሉ

ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ፣ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የሳንባ ችግር ያለባቸው፣ አስም የሚያስቸግራቸው፣ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ፣ ነፍሰ ጡሮችና ጨቅላ ሕፃናት በዜሮው ወይም በአንደኛው ቀን ይሂዱ። «እስኪ ነገ ልየው» ለእነሱ አይሠራም። ሌላው ጤነኛ ሰው ቢዘገይ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይመርመር።

የሚሄዱት ወደ ወረዳዎ ጤና ጣቢያ ነው። የጤና መድን ካለዎት ደብተሩን ይያዙ። ከመሄድዎ በፊት 8335 ይደውሉ፤ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነጻ መስመር ነው። 952 ደግሞ የጤና ሚኒስቴር ነው። ፈጣን የኮቪድ ኪት ሁልጊዜ በሁሉም ቦታ ስለማይገኝ «በአካባቢዬ የት ልመርመር?» ብሎ ጠይቆ መውጣት አንድ ቀን ያተርፋል። ማስክዎን አድርገው ይሂዱ። ታክሲ ከያዙ በመስኮት በኩል ይቀመጡና ይክፈቱት። የሚቆጣ ካለ «አሞኛል፣ ለእናንተው ነው» ይበሉ፤ ከዚያ በኋላ ዝጋው የሚል አይኖርም።

ካርድ ክፍል እንደደረሱ «የሚያስል ሰው ነኝ» ብለው ይናገሩ፤ ለብቻ የሚያስቀምጡበት ቦታ ካላቸው ያስቀምጡዎታል። ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ ከ«አሞኛል» አይጀምሩ። እንዲህ ይበሉ፦ «ዶክተር፣ ምልክቱ ከጀመረኝ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ትኩሳቴ ትናንት ማታ 38 ነጥብ 6 ነበር። ቤት ውስጥ የሚያስል ሌላ ሰው አለ። ስኳር አለብኝ፣ ሜትፎርሚን እወስዳለሁ።» በአራት ዐረፍተ ነገር ግማሹን ሥራ ሠርተውለታል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ የከተማችንን ልማድ ማንሣት አለብኝ። ትኩሳት ይዞት አንድ ክሊኒክ የገባ ሰው፣ ደሙ ይቀዳና «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ ይወጣል። እኔም አንድ ጊዜ፣ የትኛው እንደሆነ የማልጠራው ክሊኒክ ውስጥ፣ እያሳልኩ ገብቼ ሁለቱንም ተብዬ አንድ ከረጢት መድኃኒት ይዤ ወጥቻለሁ። ሳሌን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ለታይፎይድ የሚውለው ቪዳል የተባለው የደም ምርመራ ከዚህ ቀደም በያዘዎት ወይም ተቀራራቢ በሆነ ሌላ ተህዋስ ምክንያትም «አለ» ሊል ይችላል፤ ብቻውን የሚያስተማምን መረጃ አይደለም። ታይፎይድ የለም አልልም፤ አለ። ነገር ግን ሳል፣ የጉሮሮ ሕመምና የአፍንጫ ፈሳሽ ይዘው ሄደው የአፍንጫ ናሙና ሳይወሰድ የደም ወረቀት ብቻ ከተሰጠዎት፣ በትሕትና «የኮቪድ ምርመራስ አያስፈልገኝም?» ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ሌሎች ሦስት ነገሮችም መረሳት የለባቸውም። ሳሉ ሁለት ሳምንት ከሞላው የአክታ ምርመራ ለቲቢ ይጠይቁ፤ ያ ሌላ በሽታ፣ ሌላ መድኃኒት ነው። በቅርቡ ቆላ ደርሰው ከተመለሱ፣ አዋሽም ይሁን ጋምቤላ፣ ለሐኪሙ ይንገሩና የወባ ምርመራ ይደረግልዎ። ልጅ ደግሞ ትኩሳት፣ ሳልና የዓይን መቅላት ጀምሮት ከፊቱ ተነሥቶ የሚወርድ ሽፍታ ከወጣበት ኩፍኝ ሊሆን ይችላል። «ኩፍኝ ሐኪም አይወድም» ተብሎ ጨለማ ክፍል ውስጥ የሚደበቀው ልጅ ብዙ ነው። አይደብቁት፤ ከሁሉም ፈጥኖ የሚተላለፍ የትንፋሽ ቫይረስ እሱ ነው፤ ቫይታሚን ኤ የሚሰጠውም ጤና ጣቢያ ነው።

ኪቱን ሲያነቡ

ጫፉ ለስላሳ የሆነው ቀጭን ዘንግ አፍንጫ ውስጥ ሲገባ ዓይን ያስለቅሳል፣ ያስነጥሳል፤ አሥር ሰከንድ እንኳ ለማይሞላ ጊዜ ነው። ራስዎን ወደ ኋላ አያሽሹ። ናሙናው ፈሳሽ ውስጥ ይታሻል፣ ጥቂት ጠብታ ኪቱ ላይ ይንጠባጠባል፣ ከዚያ ይጠበቃል።

ኪቱ ላይ ሁለት ፊደል አለ፤ ሲ እና ቲ። ሲ ጋ ብቻ መስመር ከወጣ ቫይረሱ አልተገኘም። ሁለቱም ጋ ከወጣ ተገኝቷል፤ የቲው መስመር እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ ቢሆንም እንኳ «ትንሽ ነው» የሚባል ነገር የለም፣ ተገኝቷል ነው። ሲ ጋ መስመር ከሌለ ምርመራው አልሠራም፤ በሌላ ኪት ይደገም። መልሱ የሚነበበው ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ደቂቃ ውስጥ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ትተውት ከሰዓታት በኋላ ተመልሰው ቢያዩት ያልነበረ መስመር ሊያዩ ይችላሉ። ከፋርማሲ ገዝተው ቤት የሚያስቀምጡ ከሆነ ጊዜው ያለፈበት አለመሆኑን ይመልከቱ፤ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይም አያኑሩት።

አሁን ዋናው ነገር። ብስራት የሚመስለው መልስ ነው ብዙ ሰው የሚያሳስተው። ፈጣኑ ምርመራ «አለ» ሲል ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው፤ «የለም» ሲል ግን ሊያመልጠው ይችላል፣ በተለይ በመጀመሪያው ቀን ከተመረመሩ። ምልክት እያለዎት «የለም» ከተባሉ እንደተለዩ ይቆዩና ከ48 ሰዓት በኋላ ይድገሙት። ወይም ፒሲአር ይጠይቁ፤ እሱ ጥቂትን ቫይረስም ያያል፣ መልሱ ግን ይዘገያል። ምልክት የሌለዎት ግን ከታመመ ሰው ጋር የነበሩ ከሆነ በማግስቱ ሮጠው አይመርመሩ፤ ገና አይታይም። አምስት ቀን ያህል ጠብቀው ይመርመሩ፣ እስከዚያ ማስክ አይለይዎት።

ፒሲአርን ደግሞ «ዳንኩ ወይ?» ለማለት አይጠቀሙበት። ሰውየው ማስተላለፍ ካቆመ በኋላም ሳምንታት ቆይቶ የቫይረሱን ቁርጥራጭ ሊያገኝ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2015 ጥር ጀምሮ የሚለው እንዲህ ነው፦ ምልክት ያለበት ሰው ምልክቱ ከጀመረ አሥር ቀን ይለይ፤ ምልክት የሌለው አምስት ቀን። ቀደም ብሎ በፈጣኑ ምርመራ ነጻ መሆኑ ከታወቀ ቀደም ብሎ መውጣት ይችላል። አሥሩ ቀን ከየት እንደሚቆጠር ያውቃሉ፤ ከክቡ ነው።

ትንፋሽ ይቁጠሩ

ምርመራው «አለ» ካለና ሐኪሙ ቤት ይተኙ ካለዎት፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መከታተል ነው። የጣት ኦክሲሜትር መግዛት ከቻሉ ይግዙ፤ ለአንድ ቤተሰብ ወይም በእድር ደረጃ ለአንድ መንደር አንድ ይበቃል። ሲለኩ አምስት ደቂቃ ያህል ይቀመጡ፣ ቀዝቃዛ እጅዎን ያሙቁ፣ የጥፍር ቀለም ወይም ጠቆር ያለ ሒና የሌለበትን ጣት ይምረጡ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ይጠብቁ።

የውጭ አገር መመሪያ «ከ95 በታች ከሆነ ይደንግጡ» ሊልዎት ይችላል። ያ መመሪያ የተጻፈው ባሕር ጠረፍ አጠገብ ላለ ሰው ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነውና የጤነኛ ሰው ቁጥርም እዚህ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ዛሬ ጤነኛ ሆነው የቤተሰቡን ሁሉ ቁጥር ለክተው ይጻፉ። ሲታመሙ የሚያነጻጽሩት ከራስዎ ጋር ነው። ከራስዎ ቁጥር ሦስት አራት ከወረደ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ከ90 በታች ከሆነ ወዲያውኑ፣ ሌሊትም ቢሆን። ሌላም አለ፦ እነዚህ መሣሪያዎች ቆዳው ጠቆር ባለ ሰው ላይ ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቁጥር ሊያሳዩ እንደሚችሉ በጥናት ታይቷል። ቁጥሩ ደህና ነው እያለ ሰውየው ቃል ጨርሶ መናገር ካቃተው የሚያምኑት ሰውየውን ነው።

ኦክሲሜትር ከሌለ የስልክዎ ሰዓት ይበቃል። ታማሚው ሳያውቅ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ። አዋቂ ሰው ከ30 በላይ ከተነፈሰ አደጋ ነው። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን 60ና ከዚያ በላይ፣ እስከ አንድ ዓመት ያለው 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለው 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ነው፤ ይውሰዱት። ሕፃን ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ጡት አልጠባም ካለ፣ ካልነቃ፣ ቁጥር ሳይቆጥሩ ይሩጡ። አዋቂም ግራ ከገባው፣ ደረቱን ከጨመቀው፣ ከንፈሩና ድዱ ከጠቆረ ወይም ከደበዘዘ እንደዚያው ነው። አምቡላንስ ለቀይ መስቀል 907፣ ለከተማው እሳትና አደጋ 939 ነው።

ከፋርማሲ ይዘው አይመለሱ

አሞክሳሲሊንና አዚትሮማይሲን ቫይረስ አይገድሉም። ዴክሳሜታዞን ደግሞ በ2012 ሰኔ በእንግሊዝ የተደረገው ትልቅ ጥናት ሲወጣ ሁሉም «መድኃኒቱ ተገኘ» አለና ወደ ፋርማሲ ሮጠ። ጥናቱ ግን የጠቀመው ኦክስጅን ለሚያስፈልጋቸው የጸኑ ታማሚዎች ነው ያለው፤ ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ጥቅም አላየም፣ ይልቁንም ሊጎዳ ይችላል። በሁለተኛው ቀን ቤት ተኝቶ የሚውጠው ሰው የራሱን መከላከያ እያዳከመ ነው።

ለትኩሳት ፓራሲታሞል፣ ብዙ ፈሳሽ፣ አጥሚትም ሾርባም ይበቃል። ዝንጅብልና ማር ጉሮሮ ያለሰልሳሉ፤ ማር ግን አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም። ለልጅ አስፕሪን አይስጡ። ጤና አዳም ነፍሰ ጡር አትጠጣ። የባሕር ዛፍ እንፋሎት የሚታጠኑ ከሆነ ድስቱ ከልጅ ይራቅ፤ ብዙ ልጅ በእሱ ይቃጠላል።

ስልክዎ ላይ 8335፣ 952 እና 907ን አሁኑኑ ይመዝግቡ። እስክሪብቶውንም በክር አስረው ከቀን መቁጠሪያው ምስማር ላይ ያንጠልጥሉት።